ሎርድ፣ ሰር፣ ሌዲ፦ የእንግሊዝ መኳንንትን ስም በትክክል ለመጻፍና ለማንበብ

ለንደን ውስጥ የምሠራው የትርጉም ሥራ ነው። በተለይ ስለ መቅደላ ዘመቻና ከዚያ ወዲህ ስለነበረው የኢትዮጵያና የብሪታንያ ግንኙነት በእንግሊዝኛ የተጻፉ ሰነዶችን ለአማርኛ አንባቢ አዘጋጃለሁ። አልፎ አልፎም የማኅበረሰባችን አባላት ለፓርላማ ሰዎች የሚጽፉትን ደብዳቤ አርማለሁ። በዚህ ሥራ ከሁሉ ይበልጥ ጊዜዬን የሚወስደው የሰዎች ስም ነው። አንድ ሰው በሦስት ስም ይመጣል፤ ሁለት ሰዎች ደግሞ በአንድ ስም ይመጣሉ። ይህ ሳይለይ የተጻፈ ታሪክ በአማርኛም፣ የእኛ ሰዎች በእንግሊዝኛ በሚጽፉትም ዘንድ ብዙ ነው። ታሪካችንን በእነሱ ቋንቋ ይዘን ስንቀርብ በመጀመሪያው መስመር ላይ የሰው ስም ተሳስቶ ማየት ያሳዝነኛል። ስለዚህ ለተማሪ፣ ለጋዜጠኛና ለደብዳቤ ጸሐፊ ይጠቅማል ያልኩትን ሁሉ እነሆ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የችግሩ ሥር የእኛ ልማድ ይመስለኛል። በእኛ አገር ማዕረግ የሚቀመጠው ከሰውየው ከራሱ ስም በፊት ነው፤ ራስ አሉላ፣ ደጃዝማች ባልቻ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ። የአባት ስም ቢቀርም ሰውየው ማን እንደሆነ ይታወቃል። የእንግሊዞቹ «ሰር» ልክ እንደዚሁ ስለሚሄድ አይከብደንም። «ሎርድ» ግን የሚገዛው ሌላ ሕግ ነው። ባለማዕረጉ ሎርድ ሲሆን የራሱ ስም ከመጠሪያው ይወጣና በቦታው ማዕረጉ የተሰየመበት ስም ይገባል። ስለዚህ እንግሊዝኛ ሰነድ ሳነብ መጀመሪያ የማየው «ሎርድ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ የመጣው የራስ ስም ነው ወይስ የማዕረግ ስም የሚለውን ነው። ሰውየው ማን እንደሆነ፣ አባቱ ማን እንደነበረ፣ አንዳንዴም በየትኛው ምክር ቤት እንደተቀመጠ ከዚህ ይታወቃል።

ለእኛ ከሁሉ የቀረበው ምሳሌ መቅደላን የወጋው ጄኔራል ነው። ወደ ኢትዮጵያ ሲዘምት ሌተናንት ጄኔራል ሰር ሮበርት ናፒየር ነበር። የወታደር ማዕረጉ ይቀድማል፣ «ሰር» ይከተላል፣ ቀጥሎ የራሱ ስም ይመጣል። ሲያጥር «ሰር ሮበርት» ይባላል። «ሰር ናፒየር» ብሎ ነገር በእንግሊዝኛ የለም፤ «ሰር» ያለ ራስ ስም አይቆምም። ሚያዝያ 1868 መቅደላ ወደቀች። በዚያው ዓመት ሐምሌ ንግሥት ቪክቶሪያ የባሮንነት ማዕረግ ሰጠችው፤ የማዕረጉም ስም «ናፒየር ኦፍ ማግዳላ» ሆነ። ማግዳላ የሚሉት የእኛኑ መቅደላን ነው። ከዚያ ወዲህ ሰውየው ሎርድ ናፒየር ኦፍ ማግዳላ ነው። «ሎርድ ሮበርት ናፒየር» የሚለው አጻጻፍ ግን በብዙ ጽሑፍ ውስጥ ይገኛል፤ ለእንግሊዛዊ አንባቢም ሰውየው የአንድ ዱክ ወይም ማርኲስ (የመኳንንቱ ሁለቱ ከፍተኛ ደረጃዎች ናቸው) ታናሽ ልጅ ነው ማለት ነው። የናፒየር አባት ደግሞ ዱክም ማርኲስም አልነበረም፤ የጦር መኮንን ነበር።

«ኦፍ ማግዳላ» የሚለውን ጌጥ ነው ብለው የሚቆርጡት አሉ። መቁረጥ የለባቸውም። በዚያን ጊዜ ሎርድ ናፒየር የሚባል ሌላ ሰው ነበርና። ከ17ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ የቆየ የስኮትላንድ ማዕረግ ወራሽ የሆነው ፍራንሲስ ናፒየር ከ1866 እስከ 1872 የማድራስ አገረ ገዥ ነበር። ሰር ሮበርት የቦምቤይን ጦር እየመራ፣ ሎርድ ናፒየር ማድራስን እየገዛ፣ ሁለቱም ሕንድ ውስጥ በአንድ ዘመን አገልግለዋል። ይባስ ብሎ ሁለቱም በተለያየ ጊዜ የሕንድ ተጠባባቂ እንደራሴ ሆነዋል፤ ሮበርት በ1863፣ ፍራንሲስ በ1872። በመጻሕፍት የስም ማውጫ ውስጥ ሁለቱ ተቀላቅለው ሲገኙ አይደንቅም። «ኦፍ ማግዳላ» የመጣው ይህን ለመለየት ጭምር ነው፤ የማዕረጉ አካል ስለሆነ ፊርማው ላይም ይገባል።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ማወቅ ይጠቅማል። እያንዳንዱ ባሮን ማዕረጉ ሲሰጠው በደብዳቤው ላይ የቦታ ስም ይጨመርለታል፤ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ያ ቦታ ከነጠላ ሰረዝ በኋላ የሚመጣና በመጠሪያ ውስጥ የማይገባ ነው። ጳውል ቦአቴንግ በ2010 የሎርዶች ምክር ቤት አባል ሲሆኑ ሙሉው ማዕረጋቸው «ባሮን ቦአቴንግ፣ በጋና ሪፐብሊክ የአኪዬምና በብሬንት ወረዳ የዌምብሊ» ይላል። ሆኖም ሰውየው ሎርድ ቦአቴንግ ናቸው፤ ማንም «ሎርድ ቦአቴንግ ኦፍ ዌምብሊ» አይላቸውም። የቦታው ስም ከነጠላ ሰረዙ በፊት ከሆነ ግን የስም አካል ነው፤ የቀድሞው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ዴኤታ ሎርድ አህመድ ኦፍ ዊምብልደን እንዲሁ ናቸው።

ከናፒየር ይልቅ አንባቢን የሚያደናግሩት ግን የለንደኖቹ ሚኒስትሮች ናቸው። አፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1862 መጨረሻ ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ በየካቲት 1863 ለንደን ደርሶ መልስ ሳያገኝ ሲቀር የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኧርል ራስል ነበር። ይህ ሰው የስድስተኛው የቤድፎርድ ዱክ ታናሽ ልጅ በመሆኑ ለረጅም ዘመን ሎርድ ጆን ራስል ሲባል ኖሯል። የዱክ ልጅነቱ የሰጠው ይህ መጠሪያ የክብር ብቻ ስለሆነ በታችኛው ምክር ቤት ተመርጦ ከመቀመጥ አላገደውም፤ ጠቅላይ ሚኒስትርም ሆኗል። በ1861 ግን የራሱ የሆነ የኧርልነት ማዕረግ ተሰጠው። ከዚያ በኋላ ኧርል ራስል፣ ሲያጥርም ሎርድ ራስል ነው፤ «ጆን» ወጣ። ስለዚህ የ1859 ወረቀት ላይ ሎርድ ጆን ራስል፣ የ1863 ወረቀት ላይ ኧርል ራስል ብታገኙ ሰውየው አንድ ነው። በዚያው መጠን የቴዎድሮስን ደብዳቤ ችላ ያለው «ሎርድ ጆን ራስል» ነው ብሎ መጻፍ የሁለት ዓመት ስህተት ነው።

ዘመቻውን የወሰነው መንግሥት ውስጥ ደግሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሎርድ ስታንሊ ነበር። ስሙን ያየ ሰው የሎርዶች ምክር ቤት አባል ይመስለዋል። አልነበረም፤ በታችኛው ምክር ቤት የተቀመጠ የሕዝብ ተመራጭ ነበር። አባቱ የደርቢ ኧርልና እስከ የካቲት 1868 ድረስ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበር። የዱክ፣ የማርኲስና የኧርል የበኩር ልጅ አባቱ በሕይወት ሳለ ከአባቱ ትንንሽ ማዕረጎች አንዱን ለመጠሪያ ይዋሳል፤ ሎርድ ስታንሊም እንዲህ የመጣ ስም ነው። አባቱ በ1869 ሲሞት እሱ 15ኛው የደርቢ ኧርል ሆነ። ከ1874 እስከ 1878 እንደገና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኖ ሲሠራ የፈረመባቸው ወረቀቶች ላይ ያለው ቃል አንድ ብቻ ነው፤ «ደርቢ»። በፓርላማው የንግግር መዝገብ የዚያን ዘመን ክርክር የምትፈልጉ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ በሎርዶች ምክር ቤት በዚያው ጊዜ ሎርድ ስታንሊ ኦፍ አልደርሊ የሚባል ሌላ ሰው ነበር።

በአንድ ሰው ላይ ሁሉም ደረጃ ሲፈራረቅ ማየት የፈለገ ሎርድ ሶልዝበሪን ይከታተል። የማርኲስ ታናሽ ልጅ ሆኖ ሎርድ ሮበርት ሴሲል ተባለ። ታላቅ ወንድሙ በ1865 ሲሞት ወራሽ ሆነና ቫይካውንት ክራንቦርን ተባለ፤ በዚህ ስም ከ1866 እስከ 1867 የሕንድ ጉዳይ ሚኒስትር ነበር። በ1868 አባቱ ሲሞት የሶልዝበሪ ማርኲስ ሆነ። በ1897 ወደ አፄ ምኒልክ የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሪፖርቱን የላከው ለዚሁ ሰው ነው። መልእክተኛው ሬኔል ሮድም የዚሁ ጉዳይ ምሳሌ ነው። ውሉን ሲፈርም ገና ሚስተር ሮድ ነበር፤ «ሰር» የሆነው በ1899 ነው። «ሰር ሬኔል ሮድ በ1897 ከምኒልክ ጋር ተዋዋለ» ብሎ መጻፍ ገና ያልተሰጠውን ማዕረግ መስጠት ነው። የእኔ ልማድ የተግባሩ ዘመን የነበረውን ማዕረግ በጽሑፉ ውስጥ አስገብቼ፣ ሰውየው በኋላ የሚታወቅበትን ስም መጀመሪያ ሲነሳ ብቻ «በኋላ ሎርድ ሬኔል» ብዬ መጨመር ነው። ሌላውን መንገድ ሁሉ ሞክሬ አንባቢን የሚረዳው ይህ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

አሁን ደረጃዎቹን በአጭሩ ላስቀምጥ። ከላይ ወደ ታች ዱክ፣ ማርኲስ፣ ኧርል፣ ቫይካውንት፣ ባሮን ናቸው። ከዱክ በስተቀር አራቱ ሁሉ በንግግርና በደብዳቤ «ሎርድ» ይባላሉ። ጋዜጦች መጀመሪያ ላይ «የደርቢ ኧርል» ብለው ቀጥሎ «ሎርድ ደርቢ» ይላሉ። ወንድ ባሮን ግን ከመጀመሪያውም «ሎርድ» ነው፤ «ባሮን እገሌ» ብሎ መጥራት የጀርመን ወይም የፈረንሳይ ባሮን ያስመስለዋል። ዱክ ፈጽሞ «ሎርድ» አይባልም። «ዱክ» ተብሎ ይጠራል፣ ሲነጋገሩትም «ዩር ግሬስ» ይሉታል። የንጉሣውያን ቤተሰብ የሆነ ዱክ ደግሞ «ዩር ሮያል ሃይነስ» ነው። በ1930 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ላይ ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛን ወክሎ አዲስ አበባ የመጣው ልጁ፣ የግሎስተር ዱክ፣ ከእነዚህ ወገን ነበር።

ሁሉም ኧርል «ኦፍ» የለውም። በታኅሣሥ 1944 ከኢትዮጵያ ጋር የተደረገውን ውል የተደራደረው ኧርል ደ ላ ዋር «ኦፍ» የሌለው ኧርል ነው፤ ኧርል ራስልና ኧርል ስፔንሰርም እንዲሁ። ይህ በደንብ ስለማይገመት መዝገብ ማየት ግድ ነው።

የኧርል ታናናሽ ወንዶች ልጆችና የቫይካውንትና የባሮን ልጆች ሁሉ «ሎርድ» አይባሉም። በጽሑፍ «ዘ ኦነረብል» ይጨመርላቸዋል፣ በንግግር ሚስተር ናቸው። ከ1909 ጀምሮ በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ሚኒስትር የነበረው ዊልፍሬድ ጊልበርት ቴሲጀር የሁለተኛው ባሮን ቼልምስፎርድ ልጅ ስለነበር በሰነዶች ላይ «ካፒቴን ዘ ኦነረብል» ተብሎ ይገኛል። በ1910 አዲስ አበባ የተወለደው ልጁ፣ የደንከል በረሃው ተጓዥ፣ በ1995 ሰር ዊልፍሬድ ቴሲጀር ሆነ። አንዱ ያገኘው ከአባቱ፣ ሌላው በራሱ ሥራ ነው፤ የሁለቱ ስም አንድ ስለሆነ የሚለያቸው የፊቱ ቃል ብቻ ነው።

በሴቶች ስም ላይ ያለው ስህተት ከወንዶቹ ይበልጣል። ከመቅደላ የወጡ የብራና መጻሕፍትን የሰበሰበችው ሌዲ ሜውክስ የሰር ሄንሪ ሜውክስ ሚስት ነበረች። ባሏ ባሮኔት ነው፤ ይህ የሚወረስ የ«ሰር» ማዕረግ ነው፣ ከባሮን ያንሳል። የእንዲህ ያለ ሰው ሚስት «ሌዲ» ብላ የባሏን የቤተሰብ ስም ትጨምራለች፣ የራሷ ስም አይገባም። ስትሞት በ1910 የኢትዮጵያ መጻሕፍቷን ለአፄ ምኒልክ ተናዝዛ ነበር፤ መጻሕፍቱ ግን አልደረሱም። ስለዚች ሴት የሚጽፉ ሰዎች «ሌዲ ቫለሪ ሜውክስ» ይሏታል። ይህ ከተራ ቤተሰብ የወጣችውን ሴት የኧርል ልጅ ያደርጋታል፤ «ሌዲ» ከራስ ስም ጋር የሚሄደው ለዱክ፣ ለማርኲስና ለኧርል ሴቶች ልጆች ብቻ ነውና። ባሏን ካጣች በኋላ የራሷን ስም መጨመር ካስፈለገ «ቫለሪ፣ ሌዲ ሜውክስ» ይባላል፤ ነጠላ ሰረዙ ቦታውን መያዝ አለበት።

የዚህ ሕግ ግልጽ ማሳያ ዳያና ስፔንሰር ናት። ስትወለድ አባቷ የኧርል ወራሽ እንጂ ኧርል ስላልነበረ «ዘ ኦነረብል» ነበረች። አያቷ በ1975 ሲሞት አባቷ ኧርል ስፔንሰር ሆነ፤ እሷም በዚያው ሌዲ ዳያና ሆነች። በ1981 ስታገባ የዌልስ ልዕልት ተባለች። በ1996 ስትፋታ መጠሪያዋ «ዳያና፣ የዌልስ ልዕልት» ሆነ፤ ስም ቀድሞ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ከዚያ ማዕረግ፤ በእንግሊዞች ልማድ ይህ የተፈታች ባለማዕረግ ሴት አጻጻፍ ነው። ዓለም ሁሉ የሚጠራት «ልዕልት ዳያና» በየትኛውም ጊዜ ይፋዊ ስሟ አልነበረም።

የዱክ ታናሽ ልጅ ሚስት ጉዳይ ለአበሻ ጆሮ ይከብዳል፤ የእኛ ሴት ብታገባም ስሟን አትለቅምና። የዊንስተን ቸርችል አባት የማርልቦሮ ዱክ ልጅ ሎርድ ራንዶልፍ ቸርችል ነበር። እናቱ ጄኒ ትባላለች፤ በማዕረጓ ግን ሌዲ ራንዶልፍ ቸርችል ናት፣ የባሏ የራስ ስም የእሷ ሆኖ። ልጅየው ራሱ አያቱ ዱክ ቢሆንም ምንም ማዕረግ አልወረሰም፤ «ሰር ዊንስተን» የሆነው በ1953 ነው።

በራሷ ማዕረግ የሎርዶች ምክር ቤት አባል የሆነች ሴት «ባሮነስ» ትባላለች። ወንዱ ባሮን «ባሮን» ተብሎ አይጠራም ብያለሁ፤ ለሴቶች ግን «ባሮነስ እገሊት» ማለት በንግግርም በጽሑፍም የተለመደ ነው፣ «ሌዲ እገሊት»ም ትክክል ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ ጉዳዮች ኃላፊ የነበሩት ባሮነስ ኤሞስ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። «ባሮነስ ቫለሪ ኤሞስ» ግን በጥንቃቄ የሚጽፍ ሰው አይጽፍም። ማርጋሬት ታቸር ባላቸው በ1990 ባሮኔት ሲሆን በእሱ ምክንያት ሌዲ ታቸር ተባሉ፤ በ1992 ደግሞ በራሳቸው ባሮነስ ታቸር ሆኑ። ከሚስት ወደ ባል የሚተላለፍ ማዕረግ ግን የለም። «ዴም» ለሴት የሚሰጥ የ«ሰር» አቻ ነው፤ ከራስ ስም ጋር ብቻ ይሄዳል፣ ባልየውንም አይነካውም።

ከኢትዮጵያ ጋር ስሙ የተያያዘው ሙዚቀኛ ቦብ ጌልዶፍ በየቦታው «ሰር ቦብ» ሲባል እሰማለሁ። አየርላንዳዊ ስለሆነ በ1986 የተሰጠው ኒሻን የክብር ነው፤ ይህ ኒሻን ከስም በኋላ ፊደላትን ለመጻፍ እንጂ «ሰር» ለመባል አያበቃም። የእንግሊዝ ዘውድ ዜጋ ያልሆነ ሰው ሁሉ በዚህ ሕግ ሥር ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1954 የጋርተር ኒሻን ተቀብለዋል፤ የውጭ ንጉሠ ነገሥት በመሆናቸው «ሰር» የሚለው ከቶ አይመለከታቸውም። «ኦ ቢ ኢ» እና «ኤም ቢ ኢ» የሚባሉት ኒሻኖች ደግሞ ለዜጋም ቢሰጡ መጠሪያ አይቀይሩም። ሪቻርድ ፓንክረስት ኦ ቢ ኢ ነበራቸው፣ ገጣሚው ለምን ሲሳይም አለው፤ ሁለቱም «ሰር» አይደሉም።

ወደ ዛሬው ደብዳቤ ልምጣ። ስለ መቅደላ ቅርሶች መመለስ ለሎርዶች ምክር ቤት አባል የሚጽፍ ሰው ፖስታው ላይ «ዘ ሎርድ ቦአቴንግ» ወይም «ዘ ባሮነስ ኤሞስ» ዓይነት አድራሻ ይጻፍ፤ «ዘ» የምትለዋ ትንሽ ቃል አትቅር። ተቀባዩ የንጉሡ የአማካሪዎች ምክር ቤት አባል ከሆነ «ዘ ራይት ኦነረብል» ከፊቷ ይመጣል። የደብዳቤው መክፈቻ «ዲር ሎርድ ቦአቴንግ» ነው። «ማይ ሎርድ» የሚለው ስህተት ባይሆንም ዛሬ በጣም ሥርዓታዊ ነው፤ እኔ ለምርጫ ሲጠይቁኝ የመጀመሪያውን እመክራለሁ። «ዲር ሎርድ ጳውል» ወይም «ዲር ሚስተር ሎርድ» ግን ከባድ ስህተት ነው። ለሰር ከሆነ «ዲር ሰር ዊልፍሬድ» ነው፣ የቤተሰቡ ስም በመክፈቻው አይገባም። «ዲር ሰር» ብቻውን ከተጻፈ ስሙን ለማናውቀው ለማንኛውም ወንድ የሚጻፍ ተራ ሰላምታ ነው፤ ማዕረግ አይደለም።

በኢንተርኔት «ሎርድ» ወይም «ሌዲ» የሚያስብል የስኮትላንድ ቁራሽ መሬት በስጦታ መልክ ሲሸጥ ታያላችሁ። ከወገኖቻችንም ገዝተው በመታወቂያ ላይ ለማስገባት የጠየቁኝ አሉ። ማዕረግ በዘውዱ ይሰጣል ወይም ይወረሳል፤ በመሬት ቁራሽ አይመጣም። ማዕረግ ለመስጠት ገንዘብ መቀበል በ1925 ሕግ ወንጀል ሆኗል። የተሸጠላችሁ ወረቀት የግድግዳ ጌጥ ከመሆን አያልፍም።

ሰነድ ሳነብ በተግባር የማደርገውን ቅደም ተከተል ልንገራችሁ። ስሙን ከነፊቱ ቃል እንዳለ ቀድቼ እይዛለሁ፣ ከጎኑም የሰነዱን ቀን እጽፋለሁ። ቀጥሎ በ1769 የጀመረውን የዴብሬትን መዝገብ ወይም የበርክን የመኳንንት መዝገብ ከፍቼ በዚያ ቀን ማዕረጉን የያዘው ስንተኛው ሰው እንደሆነ አያለሁ፤ «የደርቢ ኧርል» ብቻውን ማንንም አይናገርም፣ «14ኛው» ወይም «15ኛው» የሚለው ቁጥር ነው አባትና ልጅን የሚለየው። አዲስ ማዕረግ ከሆነ የተሰጠበት ቀን ለንደን ጋዜት በሚባለው የመንግሥት ጋዜጣ ታትሞ ይገኛል። በኪው ባለው ብሔራዊ መዝገብ ቤት ስትፈልጉም በአንድ ስም ብቻ አትፈልጉ። የናፒየርን ወረቀት የፈለገ ከሐምሌ 1868 በፊት ለተጻፈው «ሰር ሮበርት ናፒየር» ብሎ፣ ከዚያ በኋላ ለተጻፈው «ናፒየር ኦፍ ማግዳላ» ብሎ ሁለት ጊዜ ይፈልግ፤ ፊርማውንም ሲያይ የራስ ስም ካላገኘ አይደንግጥ፣ ባለማዕረግ ሰው የሚፈርመው በማዕረጉ ስም ብቻ ነውና።